የማናውቀው ሰው ቁስል

ጨዋ እንግዳ ወደ ሰው ቤት ሲገባ ዱላውን ከደጃፉ አጠገብ አቁሞ፣ የጫማውን ትቢያ አራግፎ ይገባል። አንደበቱን ግን ከደጅ ሊያቆመው አይችልምና ይዞት ይገባል። ዱላ የሚያቈስለው ብንሰነዝረው ነው፤ አንደበት ግን ሳንሰነዝረው፣ ስንስቅና ስንጫወት፣ ይልቁንም ደግ የሠራን መስሎን ሳለ ሰውን ሊያቈስል ይችላል። ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፣ ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ጥቂት ቃል ልናገርበት የፈለግሁት ይህ ነገር ነው። ስለ ስድብና ስለ ሐሜት ብዙ ተጽፏል፤ የሚሳደብም ሰው መሳደቡን ራሱ ያውቀዋል። እኔ የምናገረው ግን ክፋት ስለሌለበት፣ በየመንገዱና በየገበታው እንዲሁ ስለምንወረውረው፣ ያለፈ ኑሮውን የማናውቀውን ሰው ግን ልቡን ስለሚወጋው ቃል ነው።

ይህን አሳብ ያሳደረብኝ በሥራ ምክንያት ከአዋሽ ከተማ እስከ ሰመራ የተመላለስሁበት ጊዜ ነው። አዋሽ ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የመንገድ ከተማ ናት። ከዚያ አንዱ መንገድ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር ይሄዳል፤ ሁለተኛው ደግሞ በገዋኔና በሚሌ አልፎ ወደ ሎግያና ወደ ሰመራ፣ ከዚያም ወደ ጅቡቲ ወሰን ይወርዳል። ሰመራ ዛሬ የአፋር ክልል ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከእርስዋ በፊት ይህ ማዕረግ የአሳይታ ነበረ። በዚህ መንገድ ላይ ከብት አርቢው፣ የከባድ መኪና ነጂው፣ ነጋዴው፣ ወታደሩ፣ ተማሪው፣ ከቀዬው የተፈናቀለውና ወደ ባሕር ማዶ የሚሰደደው ሁሉ ይገናኛል። በአንድ ገበታ ላይ አራት ሰዎች ቢቀመጡ፣ አራቱ ከአራት አገር የመጡ መሆናቸው የተለመደ ነው።

በዚህም ምክንያት በአገር ቤት እምብዛም የማይገኝ ፈተና በዚያ ይገኛል። በአገር ቤት ሰው ጎረቤቱን ከነአባቱ ከነአያቱ ያውቀዋል። የማን ልጅ እንደ ሞተ፣ የማን ቤት እንደ ተቃጠለ፣ ማን ከማን ጋር ደም እንደ ተቃባ ሁሉም ስለሚያውቅ፣ በዚያ ሰው ፊት የማይነገረው ቃል የቱ እንደ ሆነ ሕፃኑ እንኳ ይለየዋል። ጨዋነታችን የቆመው በመተዋወቃችን ላይ ነበረ ማለት ነው። በመንገድ ከተማ ግን የሚተዋወቅ የለም። እንግዳውም የደረሰበትን መከራ በግንባሩ ላይ ጽፎ አይሄድም። የምንናገረው ግን በአገር ቤት እንደ ለመድነው፣ ሁሉን እንደሚያውቅ ሰው ነው።

አንድ ነገር በምሳሌ ልናገር። አዋሽን ያቀናት ባቡር መሆኑ የታወቀ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ለአዋሽ ሰውም ባቡሩ እንጀራው፣ ሰዓቱ፣ ወሬውም ነበረ። በጥር ወር 1977 ዓ.ም. ግን ወደ አዲስ አበባ ይጓዝ የነበረ የመንገደኞች ባቡር በአዋሽ አጠገብ ከድልድዩ ላይ ከሐዲዱ ወጣና ወደ ገደል ወደቀ፤ 428 ሰዎችም ሞቱ። በአፍሪካ ምድር ከደረሱት የባቡር አደጋዎች እጅግ ከከበዱት አንዱ ይህ ነው። በዚያ ዓመት አገሪቱ በታላቅ ረኃብ ውስጥ ስለ ነበረች፣ 1977 ሲባል አብዛኛው ኢትዮጵያዊ የሚያስበው ረኃቡን ነው፤ በአዋሽ ግን ያ ዓመት ሁለት ኀዘን አለው።

ከዕለታት አንድ ቀን ከቀትር በኋላ፣ በአሮጌው የባቡር ጣቢያ አቅራቢያ ቡና በምታፈላ ሴት ዘንድ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ከዋና ከተማው የመጡ ሁለት ወጣት መንገደኞች መጥተው ከአጠገባችን ተቀመጡ። አንደኛው ሣር የበቀለበትን አሮጌ ሐዲድ እያየ፣ «ይህ አሮጌ ባቡር ገደል ይግባ! አሁን አዲሱ አለ አይደለም እንዴ?» ብሎ ለባልንጀራው ቀለደ። «ገደል ይግባ» የሚለውን ቃል በአገራችን በቀን ስንት ጊዜ እንደምንናገረው አንባቢ ያውቃል። ጫማ ሲጠብበን፣ መብራት ሲጠፋብን፣ ሹም ሲያጉላላን ሁሉ የምንለው ነው። ከማዶ ተቀምጠው ቡና ይጠጡ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ግን ስኒያቸውን ሳይጨርሱ አስቀመጡ፤ ሒሳባቸውን ከፈሉና ዝም ብለው ሄዱ። ባለ ቡናዋም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ወጣቱን፣ «ልጄ፣ የእርሳቸው ባለቤት በዚያ ባቡር ውስጥ ነበሩ። እኛ በፊታቸው ገደል የሚለውን ቃል አናነሣም» አለችው። ወጣቱም ደነገጠ፤ «እኔ እኮ ስለ ብረቱ ነው የተናገርሁት» አለ።

እውነቱን ነው፤ የተናገረው ስለ ብረቱ ነበረ። ሽማግሌው የሰሙት ግን ስለ ሚስታቸው ነው። ተናጋሪው ቃሉን የሚመዝነው በራሱ ልብ ውስጥ ባለው አሳብ ነው፤ ሰሚው ደግሞ በራሱ ኑሮ ይመዝነዋል። አባቶቻችን «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ብለዋል። በዚህ በምናወራው ነገር ግን የወጋው ሰው የሚረሳው ነገር እንኳ የለውም፤ መውጋቱንም ከቶ አላወቀምና። ባለ ቡናዋ ባትኖር ኖሮ ያ ወጣት ስቆ መጥቶ ስቆ በሄደ ነበር። ከእርስዋም ንግግር የተማርሁት ሌላ ነገር አለ፤ ጎረቤቶቻቸው ለአንድ ሽማግሌ ሲሉ አንድ ቃል ከአፋቸው አውጥተው መጣላቸውን። ይህን እንዲያደርጉ ያዘዛቸው ሹም አልነበረም።

ረኃብንም ስናነሣ እንዲሁ ነው። ምሳ አንድ ሰዓት የዘገየበት ሰው «በረኃብ ሞትሁ» ይላል፤ በገበታ ላይ ፈጥኖ የሚጎርሰውንም «ረኃብተኛ» ብሎ መቀለድ የተለመደ ነው። በአዋሽ ሸለቆ ግን ይህ ቃል ታሪክ አለው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ በወንዙ ዳር ታላላቅ የጥጥ እርሻዎች ሲስፋፉ፣ ከብት አርቢው በበጋ ጊዜ ከብቱን የሚያሰማራበት የወንዝ ዳር ሣር ጠበበበት። በ1965ና በ1966 ዓ.ም. ዝናብ በጠፋ ጊዜም ወደ ወንዙ ቢሸሽ ግጦሹ እርሻ ሆኖ ጠበቀው፤ ስለዚህ በወሎና በአፋር ምድር ከብቱም ሰውም አለቀ። በዚያን ጊዜ የሰባትና የስምንት ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ስድሳ ዓመት የሞላው አባወራ ነው። ከእኛ ጋር በአንድ ገበታ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ፈጥኖ የሚጎርስም ሰው ቢኖር፣ መፍጠንን የተማረው ከየት እንደ ሆነ ማን ያውቃል?

መከራው የሩቅ ዘመን ብቻ አይደለም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ይልቁንም በታኅሣሥና በጥር ወር፣ በአዋሽ ፈንታሌና በአካባቢው ምድር ደጋግሞ ተንቀጠቀጠ። ንዝረቱም አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። መሬት ተሰነጠቀ፤ ቤቶች ፈረሱ፤ ብዙ ሺህ ሕዝብም ቀዬውን ለቅቆ ወደ ሌላ ስፍራ ተወሰደ። ከዚያ በኋላ በአንዲት ምግብ ቤት ተቀምጠን ሳለን ነፋስ የብረቱን በር በኃይል መታው። ዐሥር ዓመት የሚሆነው አንድ ልጅ የያዘውን ዳቦ ጥሎ ወደ ውጭ ሮጠ። በቤቱ የነበሩትም ሰዎች ሣቁ፤ አንዱም «ወንድ ልጅ በበር ድምፅ ይሮጣል እንዴ? አንተ ፈሪ!» ብሎ ጮኸ። አባትየው ወጥቶ የልጁን እጅ ይዞ መለሰውና ከጎኑ አስቀመጠው፤ ለሣቁትም ሰዎች፣ «ቤታችን በሌሊት ፈርሶብን ነው» ብሎ ብቻ ተናገረ። ከዚያ በኋላ የሣቀ የለም።

የአእምሮ ሐኪሞች ስለዚህ ነገር የሚነግሩን አለ። ታላቅ መከራ ያየ ሰው ያንን ነገር እንደ ሌላው ትዝታ እንዳለፈ አድርጎ አያስታውሰውም። አንድ ድምፅ፣ አንድ ሽታ፣ አንድ ቃል በድንገት ሲያስታውሰው፣ ነገሩ ዛሬ እንደሚደርስበት ሆኖ ልቡ ይመታል፤ አካሉም ለመሸሽ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1980 የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ይህን ሁኔታ ስም ሰጥቶ ከሕመሞች ዝርዝር ውስጥ አግብቶታል። ስለዚህ ያን ልጅ ፈሪ ማለት፣ የተሰበረ እግር ያለውን ሰው ሰነፍ ብሎ እንደ መስደብ ነው። ልዩነቱ የተሰበረውን እግር ማየታችን፣ ይህንን ግን አለማየታችን ብቻ ነው።

ወደ ሰመራም ስንወርድ ሌላ ዓይነት ኀዘን እናገኛለን። በሰሜን የተነሣው ጦርነት በ2013ና በ2014 ዓ.ም. ወደ አፋር ምድር ገባ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ማለቂያ በጋሊኮማ፣ በጤና ጣቢያና በትምህርት ቤት ተጠልለው በነበሩ ተፈናቃዮች ላይ በደረሰው ጥቃት ብዙ ሰዎች፣ ሕፃናትም ጭምር ሞቱ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ከአብአላ፣ ከበርሃሌና ከሌሎችም ወረዳዎች በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ተፈናቀለ። ከእነዚህም ወደ ሰመራና ወደ ሎግያ የመጡ አሉ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ውል ተፈርሞ መድፉ ዝም አለ። በጦርነቱ የሞተበት ሰው ልብ ግን በውል ዝም የሚል አይደለም።

በሰመራ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ከጥቂት ሰዎች ጋር እራት በቀረብን ጊዜ ያየሁትን ልናገር። ገበታ የምታቀርብልን ሴት በዕድሜዋ ሠላሳ የማይሞላት፣ አነጋገርዋም ዝግ ያለ ነበረ። ከመካከላችን አንድ የተከበሩ ሽማግሌ በአባትነት መንፈስ ሊያጫውቷት ፈልገው፣ «ልጄ፣ ልጆች አሉሽ?» ብለው ጠየቁዋት።

«አዎን፣ ጋሼ።»

«ስንት ናቸው?»

«ሦስት» አለች፤ ወዲያውም ቃልዋን መልሳ፣ «አንድ» አለች።

ሽማግሌውም ሣቅ ብለው፣ «እንዴት ነው ነገሩ! እናት የልጆችዋን ቍጥር ትስታለች እንዴ?» አሉ። ገበታው ሁሉ ሣቀ። ሴቲቱ የያዘችውን የውኃ ማሰሮ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችና ወጣች። የቀረውንም እራት አንድ ጎልማሳ አቀረበልን። ሁለቱ ልጆች የት እንዳሉ የነገረን የለም፤ ሊነገረንም አላስፈለገም። ከሦስት እስከ አንድ ያለው መንገድ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ሁላችንም በልባችን ስለ ተረዳነው፣ ያ እራት በዝምታ አለቀ።

ይህን ነገር ብዙ ጊዜ አሰብሁበት። ሽማግሌው ክፉ ሰው አይደሉም፤ የጠየቁትም ጥያቄ እናቶቻችን ዕለት ዕለት የሚጠያየቁት ነው። እንግዲህ ያቈሰለው የቱ ነው? በእኔ አስተያየት የመጀመሪያው ጥያቄ አይደለም። የአገራችን ሰላምታ ትልቅ ጥበብ አለበት። «ቤተ ሰብ ደህና ነው? ልጆች ደህና ናቸው?» ብለን ስንጠይቅ፣ የተጠየቀው ሰው «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ይመልሳል። በዚህ መልስ ውስጥ ደስ ያለውም ያዘነውም ይጠለላል። ሊናገር የወደደ ይቀጥላል፤ ያልወደደ ደግሞ ምስጋናውን እንደ ነጠላ ተከናንቦ ያልፋል። አባቶቻችን ሰላምታን እንዲህ አድርገው ያበጁት ጠያቂውን ለማስደሰት ብቻ ሳይሆን፣ ተጠያቂውን ለመሸፈንም ጭምር ይመስለኛል።

ችግር የሚመጣው ይህን መሸፈኛ ከሰውየው ላይ ስንገፍፍ ነው። ምስጋናውን ከሰማን በኋላ «ስንት ናቸው? ለምን አብረውሽ የሉም? ባልሽስ የት ነው? ለምን አልወለድሽም?» እያልን ስንከተለው፣ በመጨረሻውም ላይ የራሳችንን ፍርድ ወይም ቀልድ ስንጨምርበት፣ ያ ሰው ወይ መዋሸት፣ ወይ በማያውቃቸው ሰዎች ፊት ማልቀስ ግድ ይሆንበታል። ምርቃት እንኳ ሳይታሰብ እንዲህ ሊሆን ይችላል። «ልጆችሽን ያሳድግልሽ» ማለት መልካም ነው፤ ልጅ መኖሩን ለማናውቃት ሴት ግን «ደግ ያሰማሽ» ብንላት ይሻላል። ይህ ምርቃት የማይስማማው ሰው የለምና።

«እንግዲያስ ከሰላምታ በቀር ምንም አንጠያየቅ ማለትህ ነውን?» የሚል ቢኖር፣ አይደለም እላለሁ። የአፋር ሕዝብ በዚህ ነገር አስተማሪያችን ሊሆን ይችላል። አፋሮች ዳጉ የሚባል የቆየ ባህል አላቸው። ሁለት መንገደኞች በበረሃ ሲገናኙ እንዲሁ ሰላም ተባብለው አይተላለፉም፤ ቁጭ ይሉና ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ሰላሙ፣ ስለ ሕመምና ስለ ሞት በተራ ይጠያየቃሉ። የሚናገረው ያየውንና የሰማውን ለይቶ በእውነት ይናገራል፤ የሚሰማውም በጥሞና ይሰማል፤ የሰማውንም ለሚቀጥለው ሰው የማድረስ ግዴታ አለበት። በዳጉ የዋሸ ሰው በኅብረተሰቡ ዘንድ ይቀጣል፤ ይዋረዳልም። እዚያ ጥያቄ ቀላል ነገር አይደለም። የሚጠይቅ ሰው መልሱን ለመሸከም ተቀምጧልና።

በእኛም ዘንድ ለቅሶ ስንደርስ የምናደርገው ከዚህ የራቀ አይደለም። ሐዘንተኛው ቤት ገብተን «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» እንልና ዝም ብለን እንቀመጣለን። እንዴት ሞተ፣ ምን አለ፣ ምን ተረፈ ብለን አንመረምርም። ባለ ለቅሶው ራሱ ሊያወራ ሲወድ ግን እናዳምጠዋለን። እንግዲህ አባቶቻችን ሁለት መልካም መንገድ ትተውልናል፤ አንደኛው ሰውን የሚሸፍነው አጭር ሰላምታ ነው፤ ሁለተኛውም ተቀምጦ ማዳመጥ ነው። የሚጎዳው በሁለቱ መካከል ያለው፣ ቆመን የምንጠይቀው፣ መልሱን ለመስማት ጊዜ የሌለን፣ በቀልድ የምንዘጋው ነገር ነው።

ይህም በሥራ ሲገለጥ አይቻለሁ። በዚህ መንገድ ብዙ ወጣቶች ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን፣ አልፈውም ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ይሰደዳሉ። በባሕሩ ላይ ጀልባ እየተገለበጠ ያለቁት ብዙ ናቸው። የሚመለሱም አሉ፤ በ2006 ዓ.ም. ብቻ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። በሎግያ በአንድ ሻይ ቤት ደጅ እንዲህ ያለ አንድ ተመላሽ ወጣት ተቀምጦ ነበር። አንድ መኪና ነጂ በአጠገቡ ሲያልፍ፣ «እህ፣ የዐረቡ ሰው! ምን ይዘህልን መጣህ?» አለው። ይህ ከውጭ ለተመለሰ ሰው ሁሉ የምንለው ነው። ወጣቱ ግን ባዶ እጆቹን አየና አንገቱን ደፋ። ነጂውም መልሱን ሳይጠብቅ መኪናው ላይ ወጥቶ ሄደ።

ጥቂት ቆይቶ አንድ አፋር ሽማግሌ መጡና ከወጣቱ አጠገብ ተቀመጡ። ለእርሱም ሻይ አዘዙለት። ከመኪና ነጂዎች በተማሩት አማርኛ፣ «መንገዱ እንዴት ነበር?» አሉት፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ወጣቱ ሻዩን እስኪጨርስ ዝም አለ፤ ሽማግሌውም ዝም አሉ። ሁለተኛው ብርጭቆ በመጣ ጊዜ ግን ልጁ ማውራት ጀመረ፤ ፀሐይ እስክትጠልቅም ድረስ አወራ። ሽማግሌው አንድ ጊዜ ስንኳ አላቋረጡትም። መኪና ነጂውና ሽማግሌው የጠየቁት ስለ አንድ ነገር ነው፤ የፊተኛው ስለ ዕቃው፣ የኋለኛው ግን ስለ ሰውየው ከመጠየቃቸው በቀር፤ ደግሞም ሽማግሌው ለመልሱ ጊዜ ነበራቸው።

በመንግሥት ሥራ ላይ ላላችሁ አንባቢዎች አንድ ነገር ላሳስብ። በጽሕፈት ቤት መጠየቅ ግዴታ ነው፤ ቅጹ የጋብቻን ነገር፣ የልጆችን ብዛት፣ የትውልድን ስፍራ ይጠይቃል። በአንድ የመመዝገቢያ ጽሕፈት ቤት መስኮት ላይ አንድ ጸሓፊ ሠላሳ ሰው እየሰማ፣ «ባልሽ የት ነው? ሞተ ወይስ ጥሎሽ ሄደ?» ብሎ ሲጮኽ ሰምቻለሁ። ቅጹ የሚፈልገው አንድ ምልክት ብቻ ነበረ። ከእርሱ አጠገብ የነበረው ሁለተኛው ጸሓፊ ግን ባለ ጉዳዩን ወደ ውስጥ አስገብቶ፣ ወንበር ስቦ ካስቀመጠ በኋላ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጠይቅ ነበር። የተሰለፈውን ሰው ብዛት ስመለከት፣ ሁለቱም በአንድ ሰዓት ውስጥ ያስተናገዱት ቍጥር እምብዛም አይለያይም። ስለዚህ ትሕትና ሥራን ያዘገያል የሚለው ምክንያት አይሠራም። የሚያስፈልገውን ብቻ መጠየቅ፣ ሌላው በማይሰማበት ስፍራ መጠየቅ፣ መልሱንም ከጻፉ በኋላ አስተያየት አለመጨመር፣ እነዚህ ሦስቱ ገንዘብ የማይፈልጉ ናቸው።

አንዳንድ ታላላቅ ሰዎች ደግሞ፣ «የዛሬ ሰው ልቡ ሣሣ፤ እኛ ስንት አይተን ስንት ሰምተን አድገናል፤ ቀልድ ሁሉ ከቀረ ኑሮ ምን ጣዕም አለው?» ይላሉ። ቀልድ አይቅር። ነገር ግን ቀልድ የሚያምረው በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል መሆኑን እነርሱም ያውቃሉ። ባልንጀራችንን በደንዳናው ቦታ እንነካዋለን፤ የሚያመውን ስለምናውቅ ከዚያ እንርቃለን። የማናውቀውን ሰው ግን የት እንደሚያመው አናውቅም። የቀድሞ ሰው ጠንካራ ነበረ መባሉም፣ ብዙ ጊዜ ሕመሙን ሳይናገር ወደ መቃብሩ ይዞት ወረደ ማለት እንጂ፣ አልታመመም ማለት አይደለም። በሌላ ወገን ደግሞ፣ እንዳልጎዳ ብዬ ልሽሽ ማለትም አይገባም። ኀዘን ያየ ሰው ሰዎች ሁሉ ቃል ፈርተው ሲርቁት፣ ያ ዝምታ ራሱ ሁለተኛ ቁስል ይሆንበታል። ቀርቦ ሰላም ማለትና አጠገቡ መቀመጥ ሁልጊዜ ይቻላል።

ቃሉ አንድ ጊዜ ካመለጠስ ምን ይደረጋል? «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» እንደ ተባለ፣ የወጣውን መመለስ አይቻልም። ብዙ ሰው ግን ማቈሰሉን ባወቀ ጊዜ «እኔ እኮ ለቀልድ ነው፤ እኔ እኮ ክፉ አሳብ የለኝም» እያለ ራሱን ሲከላከል ይውላል። እንዲህ ሲሆን የተወጋው ሰው የወጋውን ማጽናናት ይገደዳል፤ «አይ፣ ምንም አይደል» እያለ በገዛ ቁስሉ ላይ ይሥቃል። ይህ ሁለተኛ በደል ነው። «ይቅርታ» ብሎ አንድ ጊዜ፣ በአጭሩ መናገር ይበቃል። ምን ሆነህ ነው ብሎ መመርመር፣ ነገሩንም ለሌላ ሰው መተረክ አይገባም። ከዚያ በኋላ ጨዋታውን ወደ ሌላ መልሶ ያንን ሰው በመልካም ማስተናገድ ከብዙ ቃል የተሻለ ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ነው፤ አንደበት የሚገራው በቤት ነውና። ልጆቻችን እንግዳን ሲያነጋግሩ የሚሰሙት ከእኛ አፍ ነው። እኛ የቤት ሠራተኛችንን «አባትሽ የት ነው? ለምን ከአገርሽ ወጣሽ?» እያልን በሰው ፊት ስንጠይቃት የሰማ ልጅ፣ ነገ በትምህርት ቤት ከሌላ ወረዳ ተፈናቅሎ የመጣውን ጓደኛውን እንዲሁ ይጠይቀዋል። እኛ ዝግ ብለን ሰላም ስንል፣ ስናስቀምጥ፣ የሚጠጣ ስናቀርብ፣ እንግዳውም በፈቃዱ እስኪናገር ስንጠብቅ ያየ ልጅ ደግሞ ያንኑ ይይዛል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ልጆች በተሰበሰቡበት ይህን አንድ ነገር ንገሩዋቸው፤ አዲስ ሰው ወደ ቤት ወይም ወደ ክፍላቸው ሲመጣ፣ መጀመሪያ ስፍራ ይልቀቁለት፣ ስሙን ይጠይቁት፣ የራሳቸውንም ስም ይንገሩት። የቀረውን እርሱ በወደደ ጊዜ ይነግራቸዋል፤ ባይነግራቸውም ስሙን በማወቃቸው ብቻ ወዳጅ ሊሆኑት ይችላሉ። ለሁላችንም ደግ ያሰማን።